ሳያይ የነቀነቀ

ሶፋ ሠሪው ሚስቱ ዝም ማለቷን የሰማው ከአማቱ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ በአንድ ሱቅ ውስጥ እየዋሉ የገዛ ሚስትን ዝምታ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

አማቱ የትራስ ጨርቅ ሊያሰፉ መጥተው ነበር። ገና ጨርቅ ባልለበሰ ሶፋ ጠርዝ ላይ፣ ሞላው እንዳይወጋቸው ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከበስተኋላ ባለችው ክፍል ስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ በመሃል ብቅ እያለች የምትፈልገውን ዕቃ ይዛ ትመለሳለች። አሮጊቷ ሻያቸውን እየጠጡ አንዴ ወደ ልጃቸው አንዴ ወደ አማቻቸው ሲመለከቱ ቆዩና ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ልጄን ምን ብትላት ነው?" አሉ።

"ምን አልኳት እማማ?" አለ ሶፋ ሠሪው፣ በአውራ ጣቱ የስልኩን መስታወት ወደ ላይ እየገፋ።

"እሱን አስቀምጥና እኔን እያየህ መልስልኝ።"

ቀና አለ።

"ከመጣሁ ጀምሮ እያየኋችሁ ነው። ከእኔ ጋር ስትሆን እጇ አያርፍም። የጎረቤቱን፣ የገበያውን፣ ያየችውን ሕልም ሳይቀር ትነግረኛለች። ወዳንተ ስትዞር ግን መቀስ፤ ክር፤ ሜትር። በጣቷ ጠቁማ፣ ወስዳ ትሄዳለች። ተጣልታችኋል እንዴ?"

"ኧረ እማማ፣ ከምን ተነሥተን እንጣላለን? ሰላም ነን።"

"ሰላም!" አሉ አማቱ። "መቃብርም ሰላም ነው። ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችሁት መቼ ነው?"

ሊመልስ አፉን ከፈተ። ትናንት ሊል ነበር። ትናንትን በሐሳቡ ፈተሸው፤ ያገኘው ግን ከየት አገር እንደሆነ የማያውቀው አንድ ሰው በስልኩ መስታወት ላይ የተቀደደ የቆዳ ወንበር ገፍፎ እንደ አዲስ ሲያለብሰው ነው። ከትናንት ወዲያን ፈተሸ። እዚያም ሌላ ወንበር አለ።

"በእኛ ጊዜ" አሉ አሮጊቷ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ "አንገቱን የደፋ ሰው ነው ከተባልን ልጃችንን ዓይናችንን ሳናሽ እንሰጥ ነበር። አንተንም አንገቱን የደፋ ነው ብለው ነው የነገሩኝ። ለዚህች ዕቃ እንደምትደፋው መች አውቄ!"

ሶፋ ሠሪው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሚስቱ አትሰማም። በሕፃንነቷ የያዛት ትኩሳት ነፍሷን ትቶላት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። ንግግሯ በእጇ ነው፤ የምትሰማውም በዓይኗ ነው። የሚሰማ ሰው ጀርባ ቢሰጡት ይጮኻል፤ በር ቢዘጉበት ከውጭ ሆኖ ይሳደባል፤ ቃሉ መግቢያ አያጣም። እሷን ግን አለማየት አፏን በመዳፍ እንደ መክደን ነው። ይህን ደግሞ ከሶፋ ሠሪው በላይ የሚያውቅ የሚሰማ ሰው አልነበረም። እሷን ለማግባት የበቃውም ይህን በማወቁ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር የአዳራሹን አሮጌ ወንበሮች እንዲያድስ ጠርቶት ነበር። ገና ጎረምሳ ነው። መዶሻውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ የሰዎቹን የእጅ ወሬ አፉን ከፍቶ ሲያይ ይውላል። አንድ ቃል ሳያውቅ እነሱ ሲስቁ ይስቃል፤ እነሱ ደግሞ በእሱ ሳቅ ይስቃሉ። ወንበሮቹ አልቀው እንኳ "አንድ ሚስማር ሳልመታ የቀረሁ መሰለኝ" እያለ መመላለሱን አልተወም። በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ስም አይመረጥም፤ ይሰጣል። መታወቂያ ላይ የተጻፈው ስም በእጅ ለመጥራት አይመችምና፣ የሰውየውን መልክ ወይም ፀባይ አይተው በአንድ እንቅስቃሴ ይሰይሙታል፤ አንዱን በጉንጩ ጠባሳ፣ አንዷን በአረማመዷ። ለሶፋ ሠሪው ስም ያወጣችለት የዛሬ ሚስቱ ናት። ሁለት ጣቶቿን ከዓይኗ ሥር አስነሥታ ወደ ፊት ሰደደቻቸው። ተመልካቹ ማለት ነው። አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው።

ከተጋቡ በኋላ ሱቁን አብረው ከፈቱ። እሱ የሶፋውን የእንጨት ቋሚ ይመታል፣ ሞላውን በሲባጎ ይወጥራል፣ ደንበኛ ያነጋግራል። እሷ ትቆርጣለች፤ ትሰፋለች፤ የመርፌውን መደነዝ ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳርፋ ታውቀዋለች። ልትጠራው ስትፈልግ ቁራጭ ስፖንጅ ትወረውርበት ነበር። ደንበኛ ፊት ሳይቀር ማጅራቱን ትለዋለች። "ይህች ሴት ትደበድብሃለች እንዴ?" ሲሉት "ምን ችግር አለው፣ ስፖንጅ እንደሆነ ሰንበር አያወጣ" ይል ነበር። ያን ዕለት አማቱ ከሄዱ በኋላ ሲያስበው፣ ስፖንጅ ካረፈበት ሰንብቷል።

ስልኩ በክፉ አልመጣም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ነው ነገሩ። መጀመሪያ የሠሯቸውን ሶፋዎች ፎቶ እያነሣ ለሰው ማሳያ ነበር፤ ደንበኛም አመጣ። ቀጥሎ ለደንበኛ መልስ መስጫ ሆነ። ከዚያ የሌሎችን ሥራ ማያ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱም በቅጡ አያስታውሰውም። ብዙዎቹ የሚያያቸው ምስሎች ወሬ እንኳ የለባቸውም፤ ሁለት እጅ፣ መዶሻ፣ አንድ አሮጌ ወንበር። ሲጀመር ቡትቶ፣ ሲያልቅ ዙፋን። የራሱ ደንበኞች ሶፋዎች እንደ ታረደ ከብት ቆዳቸው ተገፎ ጥግ ለጥግ ቆመው ሳለ፣ እሱ የማያውቀው ሰው ወንበር ሲያልቅ "እፎይ" ይላል፤ ራሱ የጨረሰው ይመስል። ጣቱ ሌላውን ያመጣል። ሰውየው ዛሬም የሰው እጅ ሲሠራ ማየት ይወዳል። የለወጠው የሚያየውን እጅ ነው።

በዚህ መሃል አንድ ብልሃት ለመደ። ሚስቱ እጇን ስታነሣ በዓይኑ ጫፍ ውልብታው ይታየዋል፤ ቃሉ ግን አይታየውም። ያኔ ራሱን ከላይ ወደ ታች ይነቀንቃል። አዎ። እሺ። ይሁን። መነቅነቅ ዓይን አይፈልግም። የሚሰማ ባልም ሚስቱን "እህ… እህ" እያለ ያሳልፋል ይባል ይሆናል፤ ግን ጆሮ ክዳን የለውምና ባይወድም ግማሹን ይሰማል። ዓይን እንዲህ አይደለም። ከወረደ ወረደ ነው።

አማቱ የተናገሩት ነገር አላስቀመጠውምና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ኋላ ክፍል ገባ።

"እንዴት ነሽ?" አላት በእጁ።

ቀና ብላ አየችው። "ደህና።"

"ደክሞሻል?"

"እየሰፋሁ ነው።"

"እናትሽ አኩርፋለች ይላሉ።"

"እናቴ ብዙ ይላሉ" አለችና መልሳ አጎነበሰች።

ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ይህን ያህል በማነጋገሩ ቀለል አለው፤ ለድካሙ ሽልማት ይመስል ስልኩን አወጣ።

በዚያው ሳምንት አናጢው የሶፋ ቋሚዎች ጭኖ መጣ። አናጢውም አይሰማም፤ የማኅበሩ ሰው ነው፤ እጀ ባለጌ ነው እያሉ የሚስቁበት ቀልደኛ። ሰላምታው እንኳ ወለሉን በጫማው ደልቆ ሰዉን ሁሉ ማስደንገጥ ነው። እንጨቱን አራግፎ ከሴቲቱ ጋር ወሬ ጀመሩ። ሶፋ ሠሪው ጠረጴዛው ጋ በስልኩ ወንበር እያየ ነበር፤ ኔትወርኩ ባይቆምበት ኖሮ ቀና ባላለም። ምስሉ ደርቆ ሲቀርበት፣ እስኪመጣ ድረስ ብሎ ዓይኑን አነሣ።

አናጢው ግራ መዳፉን ዘርግቶ የቀኝ አውራ ጣቱን በላዩ ወደ ላይ ገፋ፤ እንደገና ገፋ። ከዚያ "ምን አለ?" ሲል ጠየቃት።

"ምንም አላለም። ታውቀው የለም?" አለች ሚስቱ።

ሶፋ ሠሪው የእጅ ቋንቋውን ከሚስቱ እኩል ያውቃል፤ ያን ምልክት ግን አያውቀውም። ትንሽ ቆይቶ ገባው። ያ የገፋው አውራ ጣት የሰው ስም ነው። ሰውየው ደግሞ እሱ ነው።

ሶፋ ሠሪው እንደተመለከታቸው ሲያይ አናጢው እጁን ከፍቶ መጣ። "እንኳን ደስ አለህ! ወንድ ማለት አንተ ነህ። የእኔይቱ እናቷ ጋ ሁለት ቀን ልደር ስትለኝ ቤቱን ራሷ ላይ ልደፋባት ይቃጣኛል። አንተ ዓመት ሙሉ! እሺ ይበልጣል ከሺህ።"

"ምኑን ነው እሺ ያልኩት?"

የአናጢው እጆች ባሉበት ቀሩ። ወደ ሴቲቱ ዞረ። ሴቲቱ ክር እየፈለገች ነበር፤ ክሩ ግን ፊቷ ላይ ነው።

"ትምህርት ቤቱን ነዋ" አለ ቀስ እያለ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። "የማይሰሙ ልጃገረዶች የሚማሩበት፣ ሩቅ ከተማ ያለው። ስፌት እንድታስተምር። ሰኞ የምትሄድበት።"

"አዎ፣ አዎ፣ አውቃለሁ። ዘንግቼው ነው።"

"ሚስትህ ሰኞ እንደምትሄድ?"

ሶፋ ሠሪው ነገሩን ወደ ሌላ መለወጥ ፈለገ፤ የመጣለት ግን የባሰው ነው። አውራ ጣቱን መዳፉ ላይ ገፍቶ "ይህ እኔ ነኝ?" አለ።

አናጢው ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። ቀልደኛ ሰው ሲያፍር ያሳዝናል። "ሰው እንዲያ ይልሃል።"

"ማን አወጣው?"

"ማን ያወጣዋል? ጣትህ ነው ያወጣው። እኛ ተቀበልን።"

"የድሮው ስሜስ?"

"እሱማ…" አለ አናጢው፣ እንጨቱን እንደሚቆጥር ሰው ወዲያ እያየ። "ባለፈው አዲስ አባል መጥቶ ነበር። ዓይኑ ከሰው እጅ የማይነቀል ልጅ ነው። ለእሱ ሰጡት። ስም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም ወንድሜ።"

አናጢው ከሄደ በኋላ ሶፋ ሠሪው ወደ ስፌት መኪናው ሄዶ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ሚስቱ ንዝረቱ ሲለወጥባት እግሯን ከመርገጫው አነሣች።

"ሰኞ ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ።"

"ሳትነግሪኝ?"

ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገችው። እጇን ነጻ ስታደርግ ለረጅም ነገር እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን አደራረግ ካየው ቆይቷል።

"ነግሬሃለሁ" አለች። "የጠሩኝ ዕለት እዚያ በሩ ጋ ቆሜ፣ ትምህርት ቤቱ ፈልጎኛል፣ ምን ትላለህ አልኩህ። ነቀነቅክ። ሌላ ቀን ቁርስ ላይ፣ ዓመት ሙሉ ነው፣ ደህና አድርገህ አስብበት አልኩህ። ነቀነቅክ። በመጨረሻ ስልክህን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ግድግዳውን ተደግፈህ ሳለህ፣ ነገ መልስ ልሰጣቸው ነው፣ አትሂጂ የምትል ከሆነ ዛሬ በል አልኩህ።"

"ነቀነቅኩ።"

"ነቀነቅክ። ፈገግም ብለህ ነበር።"

"እኔ እኮ… ወንበሩ አምሮ ነው ፈገግ ያልኩት።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ሊጠይቅ የፈለገውን መጠየቅ ፈራ፤ ጠየቀ ግን። "እንዳላየሁሽ ታውቂ ነበር?"

በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ የስፖንጁን ብናኝ በመሃላቸው ያንሳፍፈዋል።

"የመጀመሪያውን ያየኸኝ መስሎኝ ነበር" አለች። "ደስም አለኝ፤ ደግሞ ከፋኝ። ዓይኑን ሳያሽ ሰጠኝ ብዬ። ሁለተኛውን ተጠራጠርኩ። የመጨረሻውን አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ትከሻዬን ብትነኪኝ ምን ነበረበት?"

"ስንት ጊዜ ልንካህ? ባሏን ልታናግር በፈለገች ቁጥር እንደ ተዘጋ በር የምታንኳኳ ሴት አለች? አንኳኳሁ፣ አንኳኳሁ፣ ደከመኝ። አለማየትህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ወሰድኩት። ኃጢአት ከሆነ እግዚአብሔር ይፍረድ። ግማሹ ግን ያንተ ነው።"

"አሁን አትሂጂ ብልሽስ?"

"የተጠየቅከው ያኔ ነው" አለች። "አሁን የጠየቀህ የለም።" ፊቱን አየችና እጇ ለስለስ አለ። "ቃል ሰጥቻለሁ። ልጆቹ ይጠብቁኛል። ባለፈው ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ እናቴ ጋ ልደር ብዬህ የሄድኩ ዕለት። እጄን ሳነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ሁሉም። ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር። ምን ያህል ርቦኝ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት።"

"እሰብረዋለሁ" አለ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ። "አሁኑኑ እዚህ በመዶሻ።"

"አትስበረው" አለች። "ሌላ ትገዛለህ።"

እስከ ሰኞ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ሰውየው ታገለ። ስልኩን የስፖንጅ ቁርጥራጭ በሞላበት ማዳበሪያ ውስጥ ክንዱ እስኪደርስ ድረስ ቀበረው። ሥራ ላይ ሳለ ታፋው ይነዝረዋል፤ ይዳስሳል፤ ኪሱ ባዶ ነው። ሞላ ሲወጥር ጣቱ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ድሮ ወንበር ላይ ሲያጎነብስ የሚያገኘው ዝምታ ጠፍቶበታል፤ ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ እየጠሩት መልስ የማይሰጥ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ ልብስ እየተኮሰች፣ ሳይጠይቃት ወሬ ጀመረች። ልጅ ሳለች ስላስተማረቻት መምህር ነው። መምህሯ እጇ ትንሽ ነበር፤ ስትናገር ሹክሹክታ ይመስላል፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እሷን ለማየት ጠረጴዛ ላይ ይወጡ ነበር። ሶፋ ሠሪው አየ። ብዙ ጊዜ ያልተራመደ ሰው እግሩ እንደሚያመው ዓይኑ አመመው፤ ግን አየ። ሳቀም። ልቡ ሞቅ ሲለው "መጣሁ፣ አንዴ ሽንት ቤት" አላት።

ሽንት ቤት ውስጥ ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ማዳበሪያውን መቼ እንዳለፈ፣ ክንዱን መቼ እንደሰደደ አያስታውስም። ክንዱ ላይ የተጣበቀው የስፖንጅ ብናኝ ብቻ ይመሰክራል። አንዲት ወንበር ብቻ ልይ አለ። ሲመለስ ልብሱ ሁሉ ተተኩሶ ታጥፏል፤ ሻንጣው ተዘግቷል። ሚስቱ ክንዱን አየች። የመምህሯ ወሬ መጨረሻው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ማታ ለጸሎት ቆመ። "አቤቱ፣ ዓይኔን መልስልኝ" አለ። ሌላ የሚለው አልመጣለትም። ያችኑ መላልሶ ሳይጨርሳት እጁ ኪሱን ሲዳስስ አገኘው። ሰው ራሱን የሚያውቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ማንም በማይመለከተው፣ አንድዬ ብቻ በሚያየው።

እሑድ ሻንጣዋን በሲባጎ ሲያስርላት አንድ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ በራ። "በስልክ እናወራለን እኮ! በምስል። እጅሽን አየዋለሁ። በየቀኑ!"

ራሷን ወዘወዘች። "እዚያ ውስጥ ከገባሁ ከወንበሮቹ አንዷ እሆናለሁ" አለች። "በጣትህ ገፍተህ ታልፈኛለህ። ልታየኝ ስትፈልግ ና።"

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል። አውቶቡሶቹ ጭሳቸውን ይተፋሉ፤ ረዳቶቹ የከተማ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። ብርድ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሚስቱ መስኮት ዳር ቦታ አገኘች። ሶፋ ሠሪው ከታች ቆመ።

ዙሪያውን ሸኚው ሁሉ ይንጠራራል። አንዷ "ደርሰህ ደውል!" ትላለች፤ ልጇ ከመስታወቱ ወዲያ ጆሮውን እየጠቆመ አልሰማሁም ይላል። አንዱ በመስታወቱ ወዲህና ወዲያ ሆኖ ከወንድሙ ጋር በስልክ ያወራል፤ በክንድ ርቀት። ሶፋ ሠሪውና ሚስቱ ግን መስታወቱ አልከለከላቸውም። በዚያ ጩኸት መሃል ወሬ በደንብ የሚደማመጡት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

"ጎረቤት ያለችው ሴትዮ ድመቷ ጠፍታባት እኛን ነው የጠረጠረችው" አለችው።

"እኛን ምን አድርገን?"

"ሶፋ ውስጥ ሰፍታችኋት ይሆናል አለች።"

ሳቀ። አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ዞረው አዩት። እሱም የትልቁን መቀስ መሳል፣ አማቱ ስለ ትራሱ ያሉትን፣ አናጢው ጠማማ ቋሚ እንዳመጣ ነገራት። ትንንሽ ነገር ነው። ለካ ትዳር የሚባለው ይኸው ኖሯል፤ ትልቁ ነገርማ በነቀነቀ ራስም ያልፋል።

ያኔ ኪሱ ነዘረ።

ያጠፋው መስሎት ነበር። ዓይኑ ወረደ። ስልኩን አላወጣውም፤ እጁን እንኳ አልሰደደም፤ ዓይኑ ብቻ ወደ ኪሱ ወርዶ ተመለሰ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ሲመለስ የሚስቱ እጆች አንድ ነገር ተናግረው ጨርሰዋል፤ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ መልስ ትጠብቃለች።

አንገቱ ጀመረ። እሱ ሳያዘው፣ ለምዶታልና፣ አገጩ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። እሺ ሊል ነው። ምኑን እንደሆነ ሳያውቅ እሺ ሊል ነው። መንገድ ላይ ያዘው። ከባድ ሶፋ ደረጃ ላይ ሲያመልጥ በትከሻ እንደሚያዝ፣ አንገቱን ባለበት ያዘው።

ሚስቱ አየች። ሁሉንም አየች፤ የወረደውን ዓይን፣ የጀመረውን አንገት። ቅንድቧ ወደ ቦታው ተመለሰ። እጆቿ ቀስ ብለው ወደ ጭኗ ወረዱ።

ሶፋ ሠሪው እጁን አነሣ። "አላየሁም" አለ። "ዓይኔ ወርዶ ነበር። ድገሚልኝ።"

በስንት ዓመት ትዳራቸው ይህን ብሏት አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ማለት አላስፈለገውም፤ በኋላ ደግሞ መነቅነቅ ይቀል ነበር። ሞተሩ ተነሣና መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ፊቷም በመስታወቱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷን ታዞራለች ብሎ ነበር፤ ብታዞርም እንደማይፈርድባት ያውቃል።

እጆቿ ከጭኗ ተነሡ።

"ላይኛው መደርደሪያ ያለው ስፖንጅ እርጥብ ነው አልኩህ" አለች። "ጣሪያው ያንጠባጥባል። ሳይደርቅ ሶፋ ውስጥ እንዳትከተው፣ ይሸታል።"

"ስፖንጁ እርጥብ ነው" አለ እሱም በእጁ መልሶ፣ ቃል በቃል። "ላይኛው መደርደሪያ። ሳይደርቅ አልጠቀምም።"

"እሱን ነው።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አብሮት መራመድ ጀመረ፤ የሰው ሻንጣ እየመታው፣ ረዳቱ "ዞር በል ጋሼ!" እያለበት። እሷ ሰውነቷን ወደ ኋላ አዙራ አሁንም ትናገራለች፤ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ቀጥሎ ስለ ሌላ ነገር። ዓይኑን ሳይነቅል ይከተላታል። በመውጫው በር ላይ አውቶቡሱ ሲታጠፍ የጠዋት ፀሐይ መስታወቱ ላይ አረፈና ብርሃን ብቻ ሆነ። ከብርሃኑ ወዲያ እጇ ገና እያወራ ነበር።

የመጨረሻውን አላየውም። ምን እንዳለችው ለመጠየቅ መሄድ ይኖርበታል።